ለሰብለ አልተነገራትም

እሑድ

ለሰብለ አልተነገራትም። ለእህቴ እስከ ቅዳሜም አይነገራትም። የወሰኑት ጋሼ ወርቁ ናቸው። የአባባ ታላቅ ወንድም ስለሆኑ ከእሳቸው ወዲያ ቃል የሚተነፍስ የለም። «ልጅቷ ረቡዕ ሽልማት አለባት። የለፋችበት ነው፤ ደስታዋን አናጨልምባትም። ቅዳሜ ለንደን ያሉት ወገኖች ከሥራ ነፃ ናቸው፣ ተሰብስበው በማለዳ ቤቷ ሄደው ይነግሯታል» አሉኝ በስልክ። እሺ አልኩ። እንቢ የምልበት አቅም የለኝም። እኔ ራሴ የሰማሁት ትናንት ነው።

ትናንት ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መኪና መንገዱን ሞልቶታል። በዚያ ሰዓት ፓስተር በርህ ላይ ከቆመ ለጸሎት እንዳልመጣ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ዞር ስል ዳዊት፣ ባሌ፣ ልብሱን ለብሶ ጫማውን አስሮ ከኋላዬ ቆሟል። ያኔ ገባኝ። ኤቨረት ያለው አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ላይ እያለ ደውለውለታል። ቤት ገብቶ፣ አጠገቤ ጋደም ብሎ፣ እያወቀ እስኪመጡ ጠብቋል። ልቆጣው ነበር። ከዚያ ልወድቅ ስል ያዘኝ።

«አባታችን ወደ ጌታ ሄደዋል» አለ ፓስተሩ። እማማ ብርሃኔ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ሴት፣ «አረፉ፣ ልጄ» አሉ። ከትናንት ጀምሮ የገባ የወጣው ሁሉ አረፉ፣ ሄዱ፣ ተሰበሰቡ ይላል። አንድም ሰው ሞተ አላለኝም። እኔም አላልኩም።

አባባ አገር ቤት ጠዋት ተነስቶ ፊቱን ሊታጠብ ሲል ወደቀ፣ አለቀ። ቀብሩም ዛሬ አለቀ። እኔ ሲያትል፣ ሰብለ ለንደን።

ለምን ለንደን አትሄጂም ይሉኛል። በምን ልሂድ? ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው፣ የእንግሊዝ ቪዛ በዚህች ሳምንት አይደርስልኝም። ዲቪ ሲያትል ድረስ ነው የሚያመጣው።

ሰኞ

ደወለች።

ሳሎኑ በለቅሶ ደራሽ ተሞልቷል። ስሟን ስልኩ ላይ ሳይ ተነስቼ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ሃሎ» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እቴቴ፣ አባባ ስልኩን አያነሳም እኮ» አለች።

«ተበላሽቶበት ነው። ጋሼ ወርቁ ሊያሠሩለት ወስደውታል።»

«የእማማስ?»

«የእሷ ቻርጀሩ ጠፍቷል።»

«እሺ ካሜራሽን ክፈቺና ቀሚሴን ላሳይሽ።»

ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሻለሁ፣ ዓይኔ አብጧል። «ካሜራዬ ተሰብሯል» አልኳት። በአንድ ሳምንት የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ተበላሸ ማለት ነው። ውሸት ለማያውቅ ሰው ውሸት እንዲህ ነው፤ አንዱን ስታቆም ሌላው ይወድቅብሃል።

«ቤትሽ ሰው አለ እንዴ?» አለች። ከሳሎን ድምፅ ይሰማታል።

«ጸሎት ነው። የቤት ለቤት።»

«ሰኞ?»

«ሰኞም ይጸለያል።»

«በይ እሺ» አለችና ዘጋች።

ስወጣ ልጄ ናኦሚ ከበሩ ውጭ ቆማለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። «ዩ ላይድ ቱ ኸር» አለችኝ፤ ዋሽተሻታል ነው የምትለኝ። ከዚያ የማወቅ መብት አላት፣ የራሷ አባት ነው፣ ይሄ ኖርማል አይደለም፣ ብዙ ብዙ። ትምህርት ቤት ያስተማሯትን ሁሉ አወረደችብኝ።

«ብቻዋን የምትኖር ልጅ ናት» አልኳት። «መርዶ በስልክ አይነገርም። ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ መኖር አለበት። እኔን አባትሽ ባይዘኝ መሬት ነበር የምወድቀው።»

«ሶ፣ ሁ ኢዝ ሆልዲንግ ኸር ናው?» አለች። አሁን ማን ይዟታል ማለቷ ነው። ሂጂ የቤት ሥራሽን ሥሪ አልኳት። እናት መልስ ሲያጥራት የቤት ሥራ ታዛለች።

ማክሰኞ

ዝናብ። ሲያትል ሊያዝንልኝ ፈልጎ እንዳይመስለኝ፣ ያው የዘወትር ዝናቡ ነው።

ከእማማ ጋር አወራሁ። ድምፅዋ አልቋል። አባባ ለረቡዕ ብሎ ዲሹን አስተካክሎ እንደነበረ ነገረችኝ። የሰፈሩን ሰው ጠርቷል። ልጄ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ትሸለማለች፣ ኑ፣ ብሏል። አሁን ግቢው ድንኳን ተተክሎበት የተጠራው ሰው ሁሉ ለለቅሶ መጥቶ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑን አንሶላ አልብሰውታል።

«ልጄ ረቡዕ ስትስቅ ልያት» አለች እማማ። «አንድ ቀን እንኳ ከዚህ ቤት የሚስቅ ሰው ይኑር። ከዚያ በኋላ ይነገራት።»

ሰብለ ታናሼ ናት። ለንደን ለትምህርት ሄዳ እዚያው ቀረች፣ ተዋናይ ሆነች። አንድ የሆስፒታል ድራማ ላይ ነርስ ሆና ትሠራለች። መጀመሪያ ላይ ትሪ ይዛ ገብታ ትወጣ ነበር፤ እንግሊዞቹ እየወደዷት ሲሄዱ ንግግር ጨመሩላት፣ ከዚያ ለዓመቱ የቴሌቪዥን ሽልማት ታጨች። አባባ ድራማውን አንድም ቀን ተርጓሚ ኖሮት አላየውም። ግን ሁሉንም አይቶታል። «እጇን እዩት፣ በሽተኛውን ስትይዘው» ይል ነበር።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። አባባ ሁለታችንም ቤት ሳንገባ አይተኛም ነበር። እኔ ከማታ ትምህርት፣ እሷ ከቲያትር ልምምድ ስንመለስ በክፍሉ በር ስናልፍ «አባባ፣ ገብቻለሁ፣ ተኛ» እንላለን። ከውስጥ «በይ እሺ» ይላል፣ መብራቱ ይጠፋል። አንድ ቀን ሰብለ ረስታ በቀጥታ ወደ አልጋዋ ሄደች። ሲነጋ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘነው። ለንደን ከሄደችም በኋላ ከቀረጻ ስትመለስ እየደወለች ትለዋለች። አሁን ከሥራ ስትመለስ ለማን እየደወለች ይሆን? እኔማ ስልኩ ተበላሽቷል ብያታለሁ።

ረቡዕ

አሸነፈች።

ልጻፈው እንጂ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። የለንደን ምሽት ለእኛ ቀትር ነው። ናኦሚ በምን ዘዴ እንደሆነ የእንግሊዙን ቻናል ሳሎን ቴሌቪዥን ላይ አመጣችው። ለቅሶ ደራሾቹ ሊነሱ ሲሉ «ተቀመጡ፣ እህቴን እዩልኝ» አልኳቸው። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ቴሌቪዥን ማየት አሳፍሯቸው መጀመሪያ ወደ ግድግዳ ያዩ ነበር። ሰብለ በቀዩ ምንጣፍ ላይ ስታልፍ ግን ሁሉም ዞሩ።

«ትከሻዋ ባዶ ነው፣ ይበርዳታል» አሉ እማማ ብርሃኔ።

«እማማ፣ ፋሽኑ ነው» አለ ብሩክ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣት።

«ፋሽንም ይበርዳል።»

«ክሳት አለባት» አለች የፓስተሩ ሚስት። «የመድረክ መሪው ምን ብሎ ነው ሰዉ የሚስቀው?» አለ አንዱ። ማንም አላወቀም። እንግሊዞች በምን እንደሚስቁ ናኦሚም አልገባትም። ከዚያ ዳኝነት ተጀመረ፤ ይቺ ሽልማት አይገባትም፣ ያኛው ሰክሯል፣ ይሄ ሁሉ ማስታወቂያ ምንድን ነው። ለአፍታ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረሳሁት። ስረሳው ደግሞ ደነገጥኩ።

ስሟ ሲጠራ አጠራሩን አበላሽተውት መጀመሪያ አልገባንም። ካሜራው እሷ ላይ ሲቆም ነው ያወቅነው። እማማ ብርሃኔ ሳያስቡት እልልልል አሉ! በለቅሶ ቤት! ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፣ «ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ» አሉ። ግማሹ ሰው ያጨበጭባል፣ ግማሹ ያለቅሳል። ሁለቱን አንድ ላይ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ሰብለ ወጣች። አልሳቀችም። የደነገጠች መሰለኝ። የሥራ ባልደረቦቿን አመሰገነች፣ በእንግሊዝኛ፣ ቶሎ ቶሎ። ከዚያ ቆመች። ዋንጫውን ደረቷ ላይ አስጠጋችና በአማርኛ «አባባ፣ ገብቻለሁ። ተኛ» አለች።

ቴሌቪዥኑ ከታች በሌላ ቋንቋ ትናገራለች ብሎ ጻፈ። እሷ በማይወጣበት በኩል ልትወጣ ስትል አንድ ሰው ክንዷን ይዞ መለሳት።

ሳሎኔ ውስጥ ያን ጊዜ የተለቀሰውን ለቅሶ የእኔ መርዶ በተነገረበት ቅዳሜም አልሰማሁትም። እኔ አላለቀስኩም። ሳታውቅ እንዲህ አለች፣ ሳታውቅ፣ እያልኩ ደጋግሜ ስናገር ዳዊት ውሃ አጠጣኝ።

ከዝግጅቱ በኋላ ደወልኩላት። አላነሳችም። ቀይ ልብ ላከችልኝ። ግብዣ ላይ ናት ብዬ ተጽናናሁ።

ሐሙስ

ሥራ ገባሁ። ካፒቶል ሂል ያለው ካፌ ወጥ ቤት ውስጥ ሳንድዊች ነው የምሠራው። ማኔጀሬ «ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» ብሎኝ ቲማቲም ሰጠኝ። ምንም ባይለኝም ቲማቲሙ አይቀርም ነበር።

በዕረፍቴ የሽልማቱን ቪዲዮ ከፈትኩ፣ ከሥሩ የተጻፈውን አስተያየት ለማንበብ። እንግሊዝ ተመልካች አያልቅበትም። አንዷ የሰብለ ቀሚስ የሆቴል መጋረጃ ይመስላል ትላለች። አንዱ ዝግጅቱ ረዘመ፣ ድምፁ አይሰማም፣ የመድረክ መሪው ካምናው ይብሳል ይላል። ሌላው ሽልማቱ ለዚያች መርማሪ ሆና ለምትሠራዋ ተዋናይ ነበር የሚገባው እያለ በየሰው አስተያየት ሥር እየዞረ ይጽፋል፤ ባሏ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ነርስ «እናቴ ስትሞት እጇን የያዘችላት ነርስ እንደ እሷ ነበረች» ብላ ጽፋለች። ይህንን ሳነብ ልቤ ሞቀ። ቀጥሎ ግን፦ ፈገግታ እንኳ የላትም። ኩራተኛ ናት። ሽልማት ሰጥተናት በእንግሊዝኛ መጨረስ አቃታት?

መልስ ጻፍኩ። በማይረባ እንግሊዝኛዬ ለአንዱ፣ ከዚያ ለሌላው። ደም በዓይኔ መጣ።

አንዲት አሮጊት ነበረች፣ ፎቶዋ ላይ ውሻ ያቀፈች። «ይህች ልጅ ከለቅሶ ቤት የመጣች ትመስላለች። እባካችሁ አንድ ሰው ይቀፋት» ትላለች። እሷ ላይ ነው ይበልጥ የተናደድኩት። «አታውቂያትም። በጣም ደስ ብሏታል። እህቷ ነኝ» አልኳት። ወዲያው መለሰች፦ «ይቅርታ ውዴ፣ ተሳስቼ ይሆናል።»

ከዚያ ወደ ታች ስወርድ አየሁት። በአማርኛ። «ሰብልዬ እንኳን ደስ አለሽ፣ አባትሽ ይህን ሳያዩ በማለፋቸው አዝኛለሁ፣ ነፍስ ይማር።»

የሰፈራችን ልጅ ናት፣ ከእኔ ጋር የተማረች። በግል ጻፍኩላት፦ እባክሽ አጥፊው፣ ለሰብለ አልተነገራትም። አነበበችው። እኔ አጥፍታልኛለች ስል፣ ለካ እዚያው በአደባባይ፣ በገዛ አስተያየቷ ሥር፣ «ውይ በሞትኩት! አልተነገራትም እንዴ?!» ብላ ጻፈች።

እዚያው ወጥ ቤቱ ውስጥ ጮህኩ። ማኔጀሬ እጄን የቆረጥኩ መስሎት በፋሻ መጣ።

ዓርብ

የእኛ ሰው ደግ ነው። ደግነቱ ነው የሚገድለው።

ጠዋት ስከፍተው አዲስ አበባ፣ ዱባይ፣ ቶሮንቶ፣ ሁሉም ቪዲዮው ሥር ተሰልፏል። «እባካችሁ ዝም በሉ፣ ለልጅቷ አልተነገራትም!» «ማንም ስለ አባቷ እንዳይጽፍ!» «ወገን፣ መርዶ በኮሜንት አይነገርም፣ ባህላችንን እናክብር!» «ያልሰማችሁ ሼር አድርጉ፣ እንዳትሰማ።» አንዱማ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ከላይ እንዲቆም ሰው ሁሉ ልብ አደረገበት። ደብቁት እያለ የሚጮኸው ሰው ካወራው ሰው በዛ።

እንግሊዞቹ ግራ ገባቸው። ይህ ጽሑፍ ምንድን ነው ይላሉ። አንዱ የአድናቂዎች መፈክር ነው ብሎ አስረዳ። ሌላው ግን መተርጎሚያዋን ተጫነ። «የዚህች ሴት አባት ሞተዋል? አታውቅም?» ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ሞተዋል። ቃሉን መጀመሪያ የጻፈው እሱ ነው፣ የማናውቀው የእንግሊዝ ሰው።

ለብሩክ ኮል አደረግሁ። ሬድመንድ፣ ትልቁ የሶፍትዌር ኩባንያ ውስጥ ነው የሚሠራው። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ስልክ የተቆለፈበትም፣ ኢንተርኔት የጠፋበትም ወደ እሱ ነው የሚሮጠው። «ብሩኬ፣ ይህን ሁሉ አጥፋልኝ» አልኩት።

«እህቴ፣ እኔ እኮ የፕሪንተር ፕሮግራም ነው የምሠራው» አለኝ። «ሪፖርት አድርጊ፣ ሌላ ምንም ማድረግ አይቻልም።» ድምፄን ሲሰማ «ኦኬ፣ እኔም ሪፖርት አደርጋለሁ፣ ቲሜንም አስደርጋለሁ» አለ። ሬድመንድ ውስጥ የፕሪንተር መሐንዲሶች ሁሉ ለአባቴ ሲሉ ሲጫኑ ዋሉ። አንድም አልጠፋም።

ጋሼ ወርቁን ለመንኳቸው፣ ዛሬውኑ ይነገራት። «ልጄ፣ ሰዎቹ ሥራ ላይ ናቸው። አንዱ አውቶቡስ ነጂ፣ አንዷ ሕፃናት ማቆያ። እንዴት ይሰባሰቡ? ደግሞ ከሰዓት በኋላ መርዶ ይነገራል?» አሉኝ።

«እርስዎ ባይፈቅዱ እኔ እነግራታለሁ» አልኳቸው። እሳቸውን እንዲህ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ብቻዋን ናት፤ መስኮት አጠገብ ብትሆንስ?» አሉኝ በቀስታ። ስልኩን ይዤ ስሟን እያየሁ ቆየሁ። መስኮቱ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። አልደወልኩም።

እሷም አልደወለችም። ናኦሚ እራት አልበላችም። እኔም አልለመንኳትም።

ቅዳሜ

የለንደን ንጋት የእኛ የዓርብ ምሽት ነው። ትናንት ስልኩን አቅፌ ጠበቅሁ። እትዬ ፀሐይ ደወሉ፣ ሰዎቹን ያሰባሰቡት ሴት። እያለቀሱ ነው። እንዲህ አሉኝ።

በሩን ከማንኳኳታቸው በፊት ተከፈተ። ሰብለ ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯን በጥቁር አስራለች። ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ደርድራለች፤ የራሷ አልበቃ ብሏት ከጎረቤት ተበድራለች። ውሃና ብርጭቆ አቅርባለች። «ግቡ፣ ብርድ ነው» አለቻቸው። ሊያረዱ የመጡት ሽማግሌ ያዘጋጁት ንግግር ሁሉ ጠፋባቸው። ጠንካራ ሁኚ ብለው ተቀመጡ። እሷ አላለቀሰችም። ዕንባ ጠብ አላለም። «ፈርተናል፣ ልጄ» አሉኝ እትዬ ፀሐይ። «የማታለቅስ ልጅ ታስፈራለች።»

ዛሬ ጠዋት ራሷ ደወለች።

«ወዬ፣ ሰብልዬ» አልኳት።

«አየሽ» አለችኝ። «ሰኞ ግን ሃሎ አልሽኝ። ለእኔ ሃሎ ብለሽኝ አታውቂም። ያኔ ነው ያወቅሁት።»

ሰኞ። ቀሚሷን ላሳይሽ ስትለኝ። ሰኞም ይጸለያል ስላት። ኮሜንቱንስ አየሽ ወይ አልኳት።

«አየሁ። ያ ሁሉ ሰው ዝም በሉ እያለ ሲጮህ እንዴት አልሰማም?» ትንሽ ሳቀች። ሳቁ መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

«ታዲያ እያወቅሽ እንዴት ወጣሽ?»

«ለምን እንደደበቃችሁኝ ገባኛ። እማማ ስስቅ ልታየኝ እንደፈለገች ገመትኩ። ልስቅላት ብዬ ነው የሄድኩት። መኪና ውስጥ ስለማመድ ነበር፣ ሥራዬ እኮ ነው። እዚያ ስቆም ግን አቃተኝ። እማማን ይቅርታ በዪልኝ።»

የገዛ ልጃችን ደበቀችን። እኛ ለእሷ ብለን፣ እሷ ለእኛ ብላ። ወሬው ግን መላው ዓለም ዘንድ ደርሷል።

«ለምን አላለቀስሽም? ሰዎቹ ፈርተዋል» አልኳት።

«አልነገሩኝማ። ማንም አልነገረኝም፣ እቴቴ። አንቺ ንገሪኝ።»

«ታውቂ የለም እንዴ?»

«ንገሪኝ። ሳይነገረኝ እንዴት ላልቅስ? ከማላውቃቸው ሰዎች አልፈልግም።»

ዳዊት በሩ ላይ ቆሟል። ናኦሚ ከኋላው። በስልክ አይነገርም ስል የከረምኩት እኔ ነኝ። «አጠገብሽ ሰው አለ?» አልኳት።

«እትዬ ፀሐይ አሉ። እጄን ይዘውኛል።»

«ሰብልዬ» አልኳት። «አባባ ሞተ።»

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ሰማሁት። ከዚያ ከወዲያ ማዶ ጩኸቷ መጣ፣ ልጅ እያለች እንደምትጮኸው፣ አባባን እየጠራች። እኔም ጮህኩ። ያሳለፍኩት ሳምንት ሁሉ ለካ ለቅሶ አልነበረም፤ ጥበቃ ነበር። ዳዊት ያዘኝ። ናኦሚ ደግሞ መጥታ እግሬ ሥር ተቀመጠችና በአማርኛ «አይዞሽ፣ እማዬ» አለችኝ። ከማን እንደተማረችው አላውቅም።

እሑድ

ዛሬም ሥራ ነበረኝ። ቸርች አልሄድኩም። ከሥራ በፊት ጋሼ ወርቁ ደውለው «በደንብ ተነገራት?» ሲሉኝ «አዎ፣ በደንብ» አልኳቸው። የቀረውን እማማ ትንገራቸው። ለእማማ ግን ሁሉንም ነገርኳት፣ የይቅርታውንም። «እኔስ እንዳልሳቀች አይቼ፣ ልጄን ምን አገኛት ብዬ ነበር» አለች። ድንኳን ውስጥ የቴሌቪዥኑን አንሶላ ገልጠው አይተዋት ኖሯል። እሷም ጠርጥራ ዝም ብላለች። እንግዲህ ማን ማንን እንደሸወደ እግዜር ይወቀው።

በዕረፍቴ ቪዲዮውን ከፈትኩት። መርማሪዋ ነበረች የሚገባት የሚለው ሰውዬ አሁንም እየጻፈ ነው። ውሻ ያቀፈችውን አሮጊት ፈለግኋት። ከብዙ ነፍስ ይማር ሥር አገኘኋት። ሁላችንም ዘመዶቿ ያላየነውን ሶፋዋ ላይ ተቀምጣ አይታዋለች። «አልተሳሳትሽም። እህቴን ስላየሻት አመሰግናለሁ» ብዬ ጻፍኩላት። እስካሁን አልመለሰችም። ተኝታ ይሆናል።

ሰብለ እንቅልፍ አልወስድ ብሏታል። ከሰኞ ጀምሮ አልተኛችም ብለውኛል እትዬ ፀሐይ፤ ሐኪም እንውሰዳት ይላሉ። ለሰብለ ጻፍኩላት፣ ምን ላድርግልሽ ብዬ። «ከሥራ ስትገቢ ደውዪልኝ» ብቻ ነው ያለችው።

አውቶቡሱ ዘገየ፣ ዝናቡ ጀርባዬ ላይ ወረደ። ቤት ስደርስ ለንደን መሽቷል። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ጋ ቆሜ ደወልኩ። በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው።

«ሰብልዬ፣ ገብቻለሁ» አልኳት። «ተኚ።»

ዘጋች ስል ድምፅዋ መጣ።

«በይ እሺ» አለች።

መብራት ሲጠፋ ሰማሁ። ወይም የሰማሁ መሰለኝ። ተኛች አልተኛች ነገ እትዬ ፀሐይን እጠይቃለሁ።